ሬቲናዎን ፎቶ ሲነሱ፦ ከቀጠሮ እስከ ውጤት

ሰሌዳው ላይ የመጨረሻዋን ደቃቅ መስመር አጥርቶ የሚያነብ ሰው ግላኮማ የተባለው የዕይታ ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ስኳሩም ከዓይኑ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች መጉዳት ጀምሮ ይሆናል። ዓይኑ አይቀላም፣ አይቆጠቁጥም፣ አያመውም። ለዚህ ነው ፊደል አንብቦ፣ መነጽር አሳዝዞ መውጣት ሙሉ ምርመራ የማይባለው። ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ሬቲና፣ መታየት አለበት።

ሬቲናን ማየት ራሱ የቆየ ነገር ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ቮን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የአሁኑ ለውጥ ሐኪሙ የሚያየው ነገር በምስል መቀመጥ መቻሉ ነው። አዲስ አበባ ባሉ ትልልቅ የዓይን ክሊኒኮች፣ ውጭ አገር ደግሞ ሰፈር ውስጥ ባለ መነጽር ቤት ሳይቀር «ሬቲናዎን ፎቶ እናንሳዎት?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። አንዳንዱ ሳይገባው እሺ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ገንዘቤን ሊበሉኝ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። እሺ ሲሉም ሲተዉትም ገብቶዎት እንዲሆን ሂደቱን ከመጀመሪያው እንየው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ፎቶ እንደሆነ ይጠይቁ

«የሬቲና ፎቶ» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። ዋጋቸውም ጥቅማቸውም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው የተለመደው የፈንደስ፣ ማለትም የዓይን የውስጥ ጀርባ፣ ፎቶ ነው። ፍላሽ ባለው ካሜራ ይነሳል። በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ያህል ስፋት ይይዛል። የዕይታ ነርቩን ጫፍ፣ ማኩላን እና ዋና ዋናዎቹን የደም ሥሮች ያሳያል። ማኩላ ማለት ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምበት የሬቲና መሀል ነው። በብዙ አገር ለስኳር ሕመምተኞች ዓመታዊ ምርመራ የሚሠራበት ይኸው ካሜራ ነው።

ሁለተኛው ሰፊውን የሬቲና ክፍል የሚያነሳው ነው። ታዋቂው ኦፕቶማፕ ይባላል። እስከ 200 ዲግሪ፣ ማለትም ከሬቲናው 82 በመቶ ያህሉን፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያነሳል። ብዙ ጊዜ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታም አያስፈልገውም። የዚህ መሣሪያ ታሪክ ልብ የሚነካ ነው። ዳግላስ አንደርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ልጁ ሬቲናው ተላቆ በጊዜ ስላልተደረሰበት አንድ ዓይኑ ማየት አቆመ። አባትየው ለልጆች የሚቀል ምርመራ መኖር አለበት ብሎ ተነሳ። ኦፕቶስ የተባለውን ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1992 አቋቋመ። የዚህ ምስል ቀለም ወደ አረንጓዴ ያደላ ስለሆነ ሲያዩት እንዳይደነግጡ። ማሽኑ የሚጠቀምባቸው የሌዘር ቀለሞች ያመጡት ነው።

ሦስተኛው ኦሲቲ ነው። ሬቲና እንደ አነባበሮ ተደራርቦ የተሠራ ነው። ኦሲቲ ለዓይን እምብዛም በማይታይ ብርሃን ድርብርቡን ከጎን ያሳያል፣ ውፍረቱንም በማይክሮን ይለካል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ቴክኖሎጂውን እ.ኤ.አ. በ1991 ለዓለም ያስተዋወቁት የኤምአይቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ግላኮማን ለመከታተልም ሆነ ማኩላ ውስጥ የገባ ፈሳሽ ለማየት ሐኪሞች በጣም የሚተማመኑበት ምርመራ ነው።

«ጨረሩ አይጎዳኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሦስቱም የሚሠሩት በብርሃን ነው፣ የራጅ ጨረር የላቸውም። ነፍሰ ጡርም መነሳት ትችላለች። ክንድ ላይ ቀለም ተወግቶ የሚነሳ ሌላ ምርመራ አለ። እሱ ግን የመደበኛው ምርመራ አካል አይደለም፤ ሐኪሙ ምክንያት ሲኖረው ብቻ የሚያዘው ነው።

ደረጃ 2፦ ለእርስዎ ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ?

ስኳር ካለብዎት ምርጫ አይደለም። ዓይነት 2 ከሆነ በሽታው በታወቀበት ጊዜ፣ ዓይነት 1 ከሆነ በጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ ሬቲናዎ መታየት አለበት። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በዓመት አንዴ ነው። ዓይነት 2 ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል «ገና ትናንት ነው የነገሩኝ» ብሎ ማዘግየት አይሠራም። ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ትታይ።

ቀጥሎ ግላኮማ ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው ዓይኔ ጤነኛ ነው ብለው አይቀመጡ። ጥቁር ሕዝቦች ለዋናው የግላኮማ ዓይነት ያለን ተጋላጭነት ከፍ ያለ ነው። ግላኮማ የወሰደው ዕይታ ደግሞ አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ማዳን ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የነርቩ ፎቶና ኦሲቲ ዋጋ አላቸው።

ማይነስ 6 እና ከዚያ በላይ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ሬቲናቸው ስለሚሳሳ ዳር ዳሩ መታየት አለበት። ለሉፐስ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስዱም አሉ። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ማኩላን ሊጎዳ ስለሚችል በመጀመሪያው ዓመት የመነሻ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ይህን ካልነገራችሁ እናንተ አንሱት።

ምንም ሕመም ለሌለበት የ25 ዓመት ወጣት ግን ፎቶው ምርጫ ነው። አቅሙ ካለ አንድ ጊዜ ተነስቶ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስለኛል። ከ10 ዓመት በኋላ «ይህች ነጥብ ድሮም ነበረች ወይስ አዲስ ናት?» ሲባል መልሱ ያለው እዚያ ፎቶ ላይ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ ስለ ክፍያ አንድ ነገር። በመነጽር ቤት «ተጨማሪ» ተብሎ የሚቀርበውን ፎቶ የዓይን ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም፣ ከኪስ ይከፈላል። ምክንያቱ ሕመም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ስኳር ወይም ግላኮማ ካለ ወደ ዋናው የጤና ኢንሹራንስ ሊሄድ ስለሚችል «በሜዲካል ኢንሹራንሴ ይሄዳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሜዲኬር (በአብዛኛው የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸው አባቶችና እናቶች ስኳር ካለባቸው ዓመታዊው የሬቲና ምርመራ ይሸፈንላቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ስኳር ላለበት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎት) የሬቲና ፎቶ ነጻ ነው። የጥሪ ደብዳቤው በፖስታ ሲመጣ ማስታወቂያ መስሏችሁ እንዳትጥሉት።

ደረጃ 3፦ ቀጠሮ ሲይዙ

ሲደውሉ ምን ማሽን እንዳላቸው፣ ጠብታ ይደረግ እንደሆነ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ምስሉን ማን እንደሚያነበው እና ኮፒ ይሰጡ እንደሆነ ይጠይቁ።

ማን ያነበዋል የሚለው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ማሽን ያለው ቦታ ሁሉ ምስሉን በቅጡ የሚያነብ ሰው አለው ማለት አይደለም። ምስሉን የሚያነሳው ባለሙያ ቴክኒሻን ሊሆን ይችላል፣ ችግር የለውም። ውጤቱን ግን ኦፕቶሜትሪስት (ዓይን የሚመረምርና መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ወይም የዓይን ሐኪም አይቶ ሊነግርዎት ይገባል። አሁን አሁን ምስል የሚያነብ ሶፍትዌርም መጥቷል። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያለ ሐኪም የሚወስነውን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ስኳር ሬቲና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመለየት ብቻ ነው። «ኮምፒውተሩ ምንም የለብህም አለኝ» ማለት ግላኮማም የለብኝም ማለት አይደለም።

አገር ቤት ከሆኑና ማን ጋ እንደሚሄዱ ግራ ከገባዎት፣ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ የዓይን ሕክምና ማስተማሪያዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። ወረፋው ረዘም ሊል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ከቤት ሲወጡ

ኩልና ማስካራ አያድርጉ። ኩሉ ከጠብታው ጋር ተቀላቅሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። የተኳለ ሽፋሽፍት ደግሞ ሰፊው ምስል ላይ ከታች በኩል ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ማስቀመጫውን ይዘው ይሂዱ።

መድኃኒትዎን እንደ ወትሮው ይውሰዱ፣ ምግብም ይብሉ። ምርመራው ባዶ ሆድ አይጠይቅም። በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች «ሆስፒታል ነው» ብለው ሳይበሉ ሄደው ወረፋ ላይ ስኳራቸው ሲወርድ አይቻለሁ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ የቅርብ ጊዜ የስኳርና የግፊት ውጤት፣ አሁን የሚያደርጉትን መነጽር እና የድሮ የሬቲና ምስል ካለዎት እሱን ይያዙ። የፀሐይ መነጽርም አይርሱ። ጠብታ ሊደረግ የሚችል ከሆነ መኪና ይዘው አይሂዱ፣ ሰው ያስከትሉ።

ደረጃ 5፦ ጠብታው

የዓይን ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የእኛ ሰው ዓይን ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ጠብታው ቶሎ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ ዙር ቢጨመርልዎት የተበላሸ ነገር የለም። ቶሎም አይለቅም። ብዙ ሰው ላይ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ማግስቱ ሊዘልቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስልክ ማንበብ ያስቸግራል፣ ፀሐይም ይወጋል። ስለዚህ ፊርማ የሚፈልግ ወረቀት ካለ ከጠብታው በፊት አንብበው ይጨርሱ።

ከጠብታው በፊት መናገር ያለብዎት ሁለት ነገር አለ። ከዚህ በፊት ጠብታ ተደርጎልዎት አሞዎት የሚያውቅ ከሆነ ደብቀው አይለፉ። ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ማዕዘን ጠባብ ነው ተብለው ከሆነም ይንገሩ። ጥቂት ሰዎች ላይ ጠብታው የዓይንን ግፊት በድንገት ሊያስነሳ ይችላል። ቤት ከገቡ በኋላ ዓይንዎ በኃይል ካመመ፣ ከቀላ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ እስኪነጋ አይጠብቁ። ያን ዕለቱን ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ ማሽኑ ፊት

አገጭዎን መደገፊያው ላይ ያድርጉ፣ ግንባርዎን ደግሞ ከላይኛው ማሰሪያ ጋር ያጣብቁ። ብዙ ምስል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ፍላሹን ፈርቶ ቀስ በቀስ ግንባሩን ያሸሻል። ነጠላ ወይም ሻሽ ግንባር ላይ ከወረደ ወደ ኋላ መለስ ያድርጉት። ወንበሩ ከፍ ወይም ዝቅ ካለብዎ ይናገሩ፤ አንገቱን አስግጎ የተቀመጠ ሰው አይረጋም።

ማሽኑ ውስጥ የምትታይ ትንሽ ብርሃን አለች። እሷን ብቻ ይመልከቱ። ኦሲቲ ላይ ቀይ መስመር ወደ ላይ ወደ ታች ሲሄድ ይታያል። ዓይን ያለፈቃዱ ሊከተለው ይፈልጋል። አይከተሉት፣ ምልክቷ ላይ ይቆዩ። ባለሙያው «አሁን» ከማለቱ በፊት ዓይንዎን ሁለት ሦስቴ ያርገብግቡ፣ ከዚያ በደንብ ይክፈቱ። ዓይንዎ ከደረቀ ምስሉ ይደበዝዛል። የዓይን ማርጠቢያ ጠብታ ቢደረግልዎት ወዲያው ይሻሻላል። ከፍላሹ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ቀለም ያለው ጥላ ይታይዎታል፣ ይጠፋል።

አፍረው ዝም አይበሉ። ዓይንዎን አርገብግበው ከሆነ «አንዴ ይድገሙልኝ» ይበሉ። ለመድገም የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ደረጃ 7፦ ምስሉን አብረው ይዩ

«ሁሉም ደህና ነው» ተብሎ በር ላይ መሸኘት አይበቃም። ስክሪኑን ወደ እርስዎ እንዲያዞሩት ይጠይቁ። ምን እንደሚያዩ ካወቁ ደግሞ ጥያቄ ለመጠየቅ ይቀላል።

ተራው የፈንደስ ፎቶ ላይ መደቡ ብርቱካናማ ወደ ቡናማ ነው። የእኛ ሬቲና ቀለም ስለሚበዛበት ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ጤነኛ ነው። ወጣቶች ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነጸብራቅ ይታያል፣ እሱም በሽታ አይደለም። ብጫ ወደ ሮዝ የሚያደላው ክብ የዕይታ ነርቩ ጫፍ ነው። ቀኝ ዓይን ከሆነ ክቡ ከምስሉ በስተቀኝ፣ ግራ ዓይን ከሆነ በስተግራ ይሆናል። በዚህ ብቻ የትኛውን ዓይን እያዩ እንደሆነ ማወቅ ይችላሉ። ጽሑፉ ላይ ቀኝ ዓይን «ኦዲ» (OD)፣ ግራ ዓይን «ኦኤስ» (OS) ተብሎ ነው የሚጻፈው። ከክቡ የሚወጡት ሥሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ቀጠን፣ ደመቅ ያሉት ደም ወሳጆች፣ ወፈር፣ ጠቆር ያሉት ደም መላሾች። ከሥሮቹ ራቅ ብላ የምትታየው ጥቁር ቦታ የማኩላው መሀል ናት።

አሁን ክቡን ልብ ብለው ይዩት። መሀሉ ላይ ነጣ ያለ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ግላኮማ ነርቩን ሲበላ ይህ ቦታ ይሰፋል፣ ዙሪያው ያለው ጠርዝ ይሳሳል። ሐኪሙ የጎድጓዳውን ስፋት ከክቡ ጋር አነጻጽሮ 0.3፣ 0.5፣ 0.7 እያለ ይጽፈዋል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን ግላኮማ አያሰኝም። በተፈጥሮው ሰፊ ክብ ያለው ሰው አለ፣ በእኛም ዘንድ ብዙ ነው። ሁለቱ ዓይኖች በ0.2 እና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ወይም ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ከጨመረ ግን ይጠየቃል። ስለዚህ «የእኔ ቁጥር ስንት ነው? ባለፈው ስንት ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ስኳር ያደረሰው ጉዳት ሲኖር ቀያይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ትንንሾቹ ያበጡ ሥሮች፣ ተለቅ ያሉት የፈሰሰ ደም ናቸው። ብጫ፣ ጠርዛቸው የለየ ነጥቦች ከደም ሥር ያፈተለከ ቅባት ናቸው። እነዚህ ማኩላው አጠገብ ካሉ «ኦሲቲ ያስፈልገኛል ወይ?» ማለት ተገቢ ነው። ሌዘርም ሆነ ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ውጤታማ የሚሆነው ቀድሞ ሲደረስ ነው።

የኦሲቲው ወረቀት ላይ አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ያያሉ። ማሽኑ የሬቲናዎን ውፍረት በዕድሜ ከሚመስሏችሁ ጤነኛ ሰዎች ጋር ሲያወዳድር የሰጠው ቀለም ነው። ቀይ ማለት ከእነሱ መሀል ይህን ያህል ሳስቶ የሚገኘው ጥቂት ነው ማለት ነው። በሽታ አለብህ ማለት አይደለም። ከፍተኛ ማይነስ ያለባቸው ሰዎች ጤነኛ ሆነው ቀይ ሊወጣባቸው ይችላል። በተቃራኒው ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ከአምናው የቀነሰ ካለ እሱ ያሳስባል። ወረቀቱ ላይ የምስሉ ጥራትም በቁጥር ይጻፋል። ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ ቀለሙን ከማመን በፊት ይደገምልኝ ይበሉ።

ደረጃ 8፦ ፎቶው የማያሳየውን ይወቁ

የዓይን ግፊትን ፎቶ አይለካም። የጎን ዕይታ መቀነሱንም አይናገርም፤ ለእሱ ብርሃን ሲያዩ ቁልፍ የሚጫኑበት የዕይታ መስክ ምርመራ አለ። ሰፊው ምስል እንኳ የመጨረሻውን ዳር ሊያልፈው ይችላል፣ የተቀደደ ሬቲና ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ «ፎቶ ከተነሱ ጠብታው ይቅርብዎት» ሲባሉ ለአደጋ ተጋላጭ ከሆኑ አይስማሙ። ሁለቱም ይደረጉ።

የዓይን ሞራ ካለ ብርሃኑ ስለማያልፍ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር። እናትዎን ወይም አባትዎን ወስደው «ምስሉ አልወጣም» ከተባሉ መልሱ «ለምን አልወጣም?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሞራው ሲገፈፍ ብዙ ጊዜ ዕይታው ይመለሳል፣ ሬቲናውም ይታያል።

ድንገት ብልጭታ ካዩ፣ ጥቁር ነጥቦች ከዓይንዎ ፊት በብዛት መንሳፈፍ ከጀመሩ ወይም ከአንድ ጎን መጋረጃ የሚመስል ጥላ ከወረደ ይህ የቀጠሮ ጉዳይ አይደለም። ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለቱን ወደ ዓይን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 9፦ ኮፒውን ይያዙ

የሁለቱንም ዓይን ምስል፣ ቀኑ የተጻፈበትን፣ በፋይል ይውሰዱ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ቢላክልዎት ይበቃል። ካልተቻለ አስፈቅደው ስክሪኑን በስልክዎ ያንሱት። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና መረጃዎን ቅጂ ማግኘት በሕግ የተሰጠዎት መብት ነው። ከአገር ቤት ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ አገር ቤት ለሚመላለሱ ወላጆች ይህ ፋይል ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ የተነሳውን ምስል ዋሽንግተን ያለው ሐኪም ካላየው ክትትሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ግላኮማ ተገኝቶብዎት ከሆነ ለወንድም፣ ለእህትና ለልጆችዎ ደውለው ይንገሩ፤ እነሱም ቀጠሮ ሲይዙ «በቤተሰባችን ግላኮማ አለ» ይበሉ። የእርስዎን ቀጣይ ቀጠሮ ደግሞ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ያስይዙ።